ጠመንጃው ከወረደ በኋላስ?

ወታደር ጡረታ ሲወጣ ምን ይሠራል? ብዙዎቻችንን ቢጠይቁን "ፀሐይ ይሞቃል" እንላለን። ሐቁ ግን ሌላ ነው። ወታደር የደንብ ልብሱን ሲያወልቅ ልምዱ አብሮ አይወልቅም። ሰዓት ማክበር፣ ሰው ማስተባበር፣ የወደቀ ጓደኛን ጥሎ አለመሄድ ለሰፈርም ይጠቅማል። ማስረጃ ካስፈለጋችሁ አሜሪካን እንይ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ በ1919 እ.ኤ.አ.፣ ወደ አገራቸው ለመመለስ ተራ ይጠብቁ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው "አሜሪካን ሊጅን" የተባለ ማኅበር መሠረቱ። የየከተማው ቅርንጫፍ "ፖስት" ይባላል። እኛ ብንሆን "እድር" እንለው ነበር፤ ብዙው ሥራው ያንን ይመስላላ!

ከቀብር እንጀምር። የቀድሞ ወታደር ሲያርፍ የማኅበሩን ቆብ ያደረጉ ሽማግሌዎች መቃብሩ ዳር ተሰልፈው የክብር ተኩስ ይተኩሳሉ። በሕጉ መሠረት መንግሥት ቢያንስ ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ወታደሮች ልኮ ባንዲራውን አጥፎ ለቤተሰቡ ያስረክባል። ተኩሱን ግን ብዙ ጊዜ የሚሸፍኑት እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ብርድም ሆነ ዝናብ አይቀሩም።

ለወጣቱስ? በ1925 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ሚልባንክ በምትባል ትንሽ ከተማ የታዳጊዎች ቤዝቦል ፕሮግራም እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ፤ ዛሬም ይጫወቱበታል። ከ1938 ጀምሮ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስለ ሕገ መንግሥት በንግግር ያወዳድራሉ። ያሸነፈ ለኮሌጅ የሚሆን ገንዘብ ይዞ ይወጣል።

ትልቁ ሥራቸው ግን ይኼ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ አንድ የካንሳስ ጠበቃ፣ ራሱም የቀድሞ ወታደርና የማኅበሩ መሪ የነበረ ሰው፣ ዋሽንግተን ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብሎ በሆቴሉ ወረቀት ላይ የሕግ ረቂቅ ጻፈ። ረቂቁ በ1944 ሕግ ሆነ። ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጉ ተመላሾች በዚያ ሕግ ተማሩ፣ ሙያ ለመዱ። ሁሉም ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ጥቁር ወታደሮች በተለይ በደቡቡ ክፍል ትምህርት ቤቱም የቤት ብድሩም በር ዘግቶባቸዋል። አብረው ተዋግተው ሲያበቁ እኩል አለመካፈል፣ ምን ይባላል?

አሁን ማኅበሩን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ብቸኝነት። ከጦርነት የተመለሰ ሰው በር ዘግቶ ራሱን እስከማጥፋት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አባላቱ ስልክ ያነሳሉ፤ "እንዴት ሰነበትክ? የጎደለህ ነገር አለ?" ብለው በየተራ ይደዋወላሉ። ሐኪም የሚያስፈልገውን ወደ ሐኪም ያደርሳሉ። ችግሩ ደዋዮቹም አርጅተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከ3 ሚሊዮን በላይ የነበረው አባል ዛሬ ከ2 ሚሊዮን በታች ወርዷል።

ይኼ የአሜሪካኖች ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት የእኛ ቃኘው ሻለቆች ዶንግዱቾን በተባለ ቦታ ወላጅ ላጡ የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ ይረዱ ነበር፤ ከደመወዛቸው ቀንሰው! ከዘማቾቹ ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ማኅበር አላቸው፤ "ኮሪያ ሰፈር" የሚለው ስምም የእነሱ ነገር ነው።

እና ምን እናድርግ? ቀላል ነው። በሰፈራችሁ የቀድሞ ወታደር ካሉ፣ በየትኛውም መንግሥት ዘመን ያገለገሉ ይሁኑ፣ "አባባ፣ ደህና አደሩ?" ብላችሁ ቁሙ። የት እንደዘመቱ ጠይቁ። ካልፈለጉ አታስገድዱ፤ ቁስል አለ። ካወሩላችሁ ግን ድምፃቸውን በሞባይላችሁ ቅዱ፣ ቀኑንና የቦታውን ስም ጻፉ። የሰፈራችሁ እድርም ለቀብር ብቻ ሳይሆን በሕይወት ላሉት ወር በወር ዞሮ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቅርቡ። ዝርዝሩን የሚይዝና ስልክ የሚደውል ወጣት ያስፈልጋል። እሱ አንተ፣ እሷም አንቺ ብትሆኚስ?