ለመቻራ የጋራ የስፖርት አዳራሽ፦ ከጣሪያው ሥር ያለው ፊዚክስ

አንድ ትምህርት ቤትና በዙሪያው ያለው ኅብረተሰብ ገንዘባቸውንና ጉልበታቸውን አስተባብረው የጋራ የስፖርት አዳራሽ ለመሥራት ሲነሡ፣ ውይይቱ በአብዛኛው በቦታውና በወጪው ዙሪያ ያጠነጥናል። ዝናብ ሲዘንብ፣ ፀሐይ ስትከር፣ ሦስት መቶ ሰው ሲሞላው አዳራሹ ምን ዓይነት ቤት ይሆናል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ነው። ቀን ለተማሪዎች ጨዋታና ፈተና፣ ማታና በበዓላት ቀን ለከተማው ስብሰባና ውድድር እንዲያገለግል የታሰበ ቤት፣ ሰው የማይደማመጥበት ምድጃ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ቁልፍ ይገባበታል። በዚህ ጽሑፍ የምዕራብ ሐረርጌዋን መቻራን በምሳሌነት ወስደን፣ እንዲህ ያለው አዳራሽ እንዴት ቢሠራ እንደሚሻል በቀላል ስሌት ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስፋቱን እንወስን። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው። በየዙሪያው 2 ሜትር ሲጨመር 32 በ19 ይሆናል፤ የመረብ ኳስም በዚሁ ውስጥ በሚገባ ይካተታል። የመረብ ኳስ ደንብ ከሜዳው በላይ ቢያንስ 7 ሜትር ነጻ አየር ስለሚጠይቅ፣ የውስጥ ከፍታውን 8 ሜትር እንበል። በመካከል ዓምድ ማቆም አይቻልም። 7 ሜትር ስፋት ያለውን መማሪያ ክፍል ጣሪያ የሠራ አናጺ ያንኑ ዘዴ አስረዝሞ 19 ሜትር ለመሸፈን ቢያስብ የሚገጥመው ችግር ከርዝመቱ ጋር እኩል አያድግም። በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ያለው ጭነት አንድ ዓይነት ሆኖ ተሸካሚው ካልተለወጠ፣ የሚያጎብጠው ጫና በርዝመቱ ካሬ (7 ጊዜ ያህል)፣ የመርገቡ መጠን ደግሞ በርዝመቱ አራተኛ ርቢ (54 ጊዜ ያህል) ያድጋል። ስለዚህ ባሕር ዛፉን ትተን፣ በመሐንዲስ ወደ ተሰላ የብረት ተሸካሚ መሄድ ግድ ይላል።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ወጣት የፊዚክስ መምህር የነበረው ዋላስ ሳባይን፣ ተማሪዎች መምህራቸውን መስማት ያቃታቸውን አንድ አዲስ አዳራሽ እንዲያሻሽል ተጠየቀ። በአዳራሹ የተነገረ ቃል ከ5 ሴኮንድ በላይ እየተንጸባረቀ ይቆይ ነበር። ሳባይን ሌሊት ሌሊት ከአቅራቢያው ቴአትር የመቀመጫ ትራሶችን እያስመጣ፣ የኦርጋን ድምፅ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ በጆሮውና በሰዓት ለካ። ያገኘው ሕግ ዛሬም ይሠራል፦ የድምፅ ቆይታ በሴኮንድ፣ የአዳራሹ ይዘት በ0.161 ተባዝቶ ድምፅን ለሚመጥጠው ጠቅላላ ስፋት ሲካፈል ይገኛል።

የእኛ አዳራሽ ይዘት 4,864 ሜትር ኩብ፣ የወለሉ፣ የግድግዳውና የጣሪያው ድምር 2,032 ሜትር ካሬ ነው። ሲሚንቶ፣ ብሎኬትና ቆርቆሮ ድምፅን እምብዛም አይመጥጡም፤ በአማካይ 4 በመቶ ብንል፣ የድምፅ ቆይታው 9.6 ሴኮንድ ይደርሳል። አንድ ተናጋሪ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ15 በላይ ቃላት ያሰማል፤ ሁሉም በአንድነት ይንሳፈፋሉ። የገደል ማሚቶ ለእረኛ ጨዋታ እንጂ ለፈተና ማብራሪያ አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሳባይን መለኪያ አድርጎ የወሰደው የተከፈተ መስኮትን ነበር፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና መቶ በመቶ እንደ ተመጠጠ ይቆጠራል። ይህ ለመቻራ ታላቅ ዕድል ነው። አገሩ ብርድ የሚጠናበት ስላልሆነ፣ የሁለቱን ረጃጅም ግድግዳዎች የላይኛውን 2 ሜትር በሽቦ ብቻ ሸፍነን ክፍት ብንተወው 128 ሜትር ካሬ መስኮት እናገኛለን፤ ቆይታውም ወደ 3.8 ሴኮንድ ይወርዳል። ከጣሪያው ሲሦውን፣ ማለትም 200 ሜትር ካሬ ያህሉን፣ ስልሳ በመቶ በሚመጥጥ ቀዳዳ በበዛበት ነገር ከውስጥ ብናለብሰው ወደ 2.5 ይደርሳል። ሁለት መቶ ሰው ሲገባበት ወደ 2 ሴኮንድ ይቀርባል፤ የሰው ልብስና ገላ ራሱ ድምፅ መጣጭ ነውና። በቡና አገር ጆንያ አይታጣም፣ በገለባ ሞልቶ ማንጠልጠልም ለድምፁ ይበጃል፤ ነገር ግን እሳት ስለሚያሰጋ አንመክረውም። ከቆርቆሮው ጋር ተያይዞ የሚለጠፍ የማይቀጣጠል ልባስ ይሻላል፤ ዝናብ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ሲመታው ንዝረቱን ያፍነዋልና።

ያው ክፍት ቦታ ሙቀትንም ያስወጣል። መቻራ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ በአናት ትቆማለች። ያን ጊዜ በጠራ ሰማይ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ላይ 1,000 ዋት ያህል ይወርዳል፤ በ700 ሜትር ካሬ ጣሪያ ላይ 700 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ከዚህ አምስት በመቶው ብቻ ወደ ውስጥ ቢዘልቅ 35 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ተቀምጠው የሚመለከቱ ሦስት መቶ ሰዎች ከሚያመነጩት 30 ኪሎ ዋት ይበልጣል። በመቻራ ዙሪያ ያሉት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጥንቱን የአየር ጠባይ ያጠኑባቸው የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች፣ በላያቸው ባለው ወፍራም ዐለት ምክንያት ሙቀታቸው ብዙም አይለዋወጥም። ቆርቆሮ ግን ፀሐይን ደቂቃ በደቂቃ ይከተላል። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ መንደር አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2001 በሠራው ትምህርት ቤት፣ ቆርቆሮው ከጡብ ኮርኒሱ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ በመካከላቸው የሚሞቀው አየር ወጥቶ ይሄዳል። የእኛም ልባስ ከጣሪያው ጋር እንዲሁ ቢታሰብ መልካም ነው።

አዳራሹ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሆን፣ ክፍቶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስለሚያዩ የማለዳና የማታ ፀሐይ ተጫዋቹን ዓይን ዓይኑን አትወጋውም። የእኩለ ቀን ፀሐይን ከ2 ሜትር ክፍት ለመከልከል በደቡብ በኩል በታኅሣሥ 1.25 ሜትር፣ በሰሜን በኩል በሰኔ 54 ሳንቲሜትር የጣሪያ ክፈፍ ይበቃል። ዝናብ በነፋስ እየተገፋ ስለሚገባ ግን በሁለቱም ወገን 1.5 ሜትር ብናደርገው እንመርጣለን። ለማታ መብራት ብዙ አያስጨንቅም፤ 300 ሉክስ ለማግኘት 4 ኪሎ ዋት ያህል ኤል.ኢ.ዲ. ይበቃል፣ ይህም የአንድ የእንጀራ ምጣድ ፍጆታ ነው።

ያ ሁሉ ጣሪያ ውኃም ይሰበስባል። በኬንያ ኒዬሪ አካባቢ የሚገኘው ማሂጋ ትምህርት ቤት ጎኑ ክፍት በሆነ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ጣሪያ የዝናብ ውኃ ያጠራቅማል። በእኛ ስሌት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከ700 ሜትር ካሬ ላይ 14,000 ሊትር ነው፤ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 560 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። አሸንዳውና ታንከሩ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ ይግቡ።

ክፍት አዳራሽ አንድ ዕዳ አለበት፤ እርሱም ነፋስ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ቢሆንም፣ በሴኮንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ላይ 450 ፓስካል፣ ማለትም የ46 ኪሎ ክብደት ያህል፣ ግፊት ይፈጥራል። ቆርቆሮው ራሱ የሚመዝነው 4 ኪሎ ገደማ ነው። ነፋሱ በክፍቱ ገብቶ ከሥር ሲገፋ፣ ከላይ ደግሞ ሲስብ፣ በተራ ምስማር የተያዘ ጣሪያ ይነሣል። ስለዚህ ከቆርቆሮው እስከ መሠረቱ ድረስ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በቡሎን መታሰር ይኖርበታል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከሠቱት የመሬት መንቀጥቀጦች እንዳስታወሱን፣ ስምጥ ሸለቆው ሩቅ አይደለም፤ ረጃጅሞቹ የብሎኬት ግድግዳዎችም ከዓምዶቹ ጋር መያያዝ አለባቸው። ገንዘብ ቢያጥር ወለሉ ለጊዜው ልሙጥ ሲሚንቶ ሆኖ ሊቆይ፣ የተመልካች መቀመጫውም በሚቀጥለው ዓመት ሊሠራ ይችላል። ማሰሪያውን ግን ጣሪያው ከተሰቀለ በኋላ መጨመር እጅግ አስቸጋሪ ነው።