ሃያ ሦስት ጊዜ የተፈረመ ውል

ቤዝቦል በሚባለው የአሜሪካኖች ጨዋታ፣ አንዱ የወረወረውን ኳስ ሌላው በዱላ መትቶ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ይሮጣል። የቡድኑ መሪ፣ ማናጀር የሚሉት፣ ሽበት ያወጣ ሽማግሌ እንኳ ቢሆን እንደ ተጫዋቾቹ ለብሶ ከሜዳው ዳር ይቀመጣል። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ ብሎ የሚቈርጠው እርሱ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚመሰገኑት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ሲሸነፍ ግን አስቀድሞ የሚሰናበተው መሪው ነው። ለእንዲህ ያለው ወንበር የሚታጨው ማን ይሆን? አንባቢ ስመ ጥር ተጫዋች የነበረ ነው ብሎ ሳይገምት አይቀርም። የዋልተር አልስተን ታሪክ ግን ሌላ ነው።

አልስተን በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በኦሃዮ ገጠር ተወልዶ፣ በዚያው ክፍለ ግዛት በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። በ1936 የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ቡድን ጠራው። በወቅቱ የመጨረሻ ቀን ተተክቶ ገባ፤ አንድ ጊዜ ዱላ ያዘ፤ ሳይሳካለት ተመለሰ። በታላቁ ሊግ የተጫወተው ይኸው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በሙቀቱ ወራት በትናንሽ ከተሞች ቡድኖች ውስጥ እየተጫወተ፣ ከ1940 ጀምሮም እየመራ፣ በብርዱ ወራት በኦሃዮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። እኔም ከጠመኔ አቧራ ጋር የምውል ሰው ነኝና ልቤ ወደ እርሱ ማዘንበሉን አልሸሽግም።

በ1946 የብሩክሊን ዶጀርስ ድርጅት ወደ ናሹዋ ላከው። ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዳይሰለፉ የሚያግደው ልማድ መፍረስ የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። አልስተን ሮይ ካምፓኔላንና ዶን ኒውኮምን በቡድኑ ተቀበለ፤ አንድ ቀንም ዳኛው ከሜዳ ቢያስወጣው መሪነቱን ለካምፓኔላ ተወለት። ካምፓኔላም ኒውኮምን በመቺነት አስገብቶ ጨዋታውን አሸነፈ።

በ1953 የዶጀርስ መሪ ቻክ ድሬሰን ከአንድ ዓመት የበለጠ ውል ጠየቀ። ሁለት ዓመት በተከታታይ የሊጉ አሸናፊ ነበርና መጠየቁ የሚያስነቅፈው አይመስለኝም። ባለቤቱ ዋልተር ኦማሊ ግን እምቢ አለ። ድሬሰን ሄደ፤ አልስተን ከሞንትሪያል ተጠራ፤ የአንድ ዓመት ውል ቀረበለት፤ ፈረመ።

ብሩክሊን የአገሪቱን ታላቅ ዋንጫ አንድም ቀን አላገኘችም ነበር፤ በያንኪስ ብቻ አምስት ጊዜ ተሸንፋለች። በኦክቶበር 4 ቀን 1955 ከዚሁ ከያንኪስ ጋር ሰባተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ ሆነ። ዶጀርስ 2 ለ 0 እየመሩ ሳለ፣ በስድስተኛው ዙር አልስተን የግራውን ሜዳ የሚጠብቀውን ጂም ጊሊያምን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ፣ ሳንዲ አሞሮስ የተባለውን የኩባ ተወላጅ በስፍራው አቆመ። ጥቂት ቈይቶ፣ ሁለት የያንኪስ ሯጮች በማረፊያ ላይ ሳሉ፣ ዮጊ ቤራ ኳሱን ወደ ግራው ጠርዝ ላከው። አሞሮስ ግራኝ ነውና ጓንቱ በቀኝ እጁ ነበር፤ እየሮጠ እጁን ዘርግቶ ኳሱን ቀለበና ወዲያው መለሰው፤ ከሯጮቹም አንዱ ወደ ማረፊያው ሳይደርስ ተያዘ። ጨዋታው በ2 ለ 0 አለቀ። ዕድል ነው የሚል አይጠፋም። ይሁን፤ ግራኙን ሰው በዚያ ስፍራ ያቆመው ግን ዕድል አይደለም።

ከድሉም በኋላ የቀረበለት ያው የአንድ ዓመት ውል ነው። በ1958 ቡድኑ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ፤ አልስተንም አብሮ ሄዶ በ1959፣ በ1963ና በ1965 ዋንጫውን ደገመ። በ1965 የመጨረሻ ጨዋታ ተራው የደረሰውን ዶን ድራይስዴልን ትቶ፣ ሁለት ቀን ብቻ ያረፈውን ሳንዲ ኮፋክስን አስወረወረ፤ ኮፋክስም ለሚኒሶታ አንድ ነጥብ እንኳ አልሰጠም። በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ይኑረው አይኑረው የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት አመጣ? አስተማሪነቱ የሚመለስበት ሙያ ስለ ነበረ ይመስለኛል። ከ1954 እስከ 1976 ድረስ 23 ጊዜ ፈረመ፤ 2,040 ጨዋታም አሸነፈ።

ያቺን አንዲት ጨዋታ ከተጫወተ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1976፣ አራት ጨዋታ ሲቀረው ሥራውን ተወ። የተካው በሦስተኛው ማረፊያ አጠገብ ቆሞ ሲረዳው የነበረው ቶሚ ላሶርዳ ነው። ላሶርዳም በታላቁ ሊግ ኳስ ወርዋሪ ሳለ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም ነበር፤ ቡድኑን ግን እስከ 1996 መራ።