ሰብአ ሰገል የተመለሱበት መንገድና የሞጆ መገንጠያ



በዓለ ልደት በደረሰ ቁጥር ሰብአ ሰገል ይታወሳሉ። ከምሥራቅ ተነሥተው፣ በኮከብ ተመርተው፣ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው ቤተ ልሔም መድረሳቸውን ሕፃናት እንኳ ያውቁታል። የመመለሻ ጉዟቸው ግን እምብዛም አይነሣም። ሄሮድስ በልቡ ሕፃኑን ሊገድል እያሰበ፣ በአፉ ግን ሊሰግድለት የሚፈልግ መስሎ፣ ሲያገኙት ተመልሰው እንዲነግሩት አደራ ብሏቸው ነበር። ቃሉ የለሰለሰ፣ አቀራረቡም የወዳጅ ነበር። እነርሱ ግን በሕልም ስለ ተረዱ መንገዳቸውን ለውጠው በሌላ አቅጣጫ ወደ አገራቸው ገቡ። ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው ማስጠንቀቂያው የደረሰበት ሰዓት ነው። ከሄሮድስ ደጅ ከደረሱ በኋላ ቢሆን ኖሮ ለማንም ባልበጀ ነበር። የደረሳቸው ገና ከመነሣታቸው በፊት፣ መንገድ መምረጥ በሚችሉበት ጊዜ ነው።

በዘመናችንም በለሰለሰ ቃል ተጠርተው ወደማያውቁት አገር የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። በዚህ በዓል ስለ እነርሱ፣ በተለይም ገና በመንገድ ሳሉ ማን ሊደርስላቸው እንደሚችል ከአንባብያን ጋር እንወያይ ዘንድ ወደድን።

ሁለት መንገድ የሚለያይባት ከተማ

ሞጆ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚህች ከተማ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ ያልፋል፤ ከአዋሽ በኋላ በአንድ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ጋላፊ፣ በሌላ በኩል ወደ ድሬዳዋ ያመራል፤ የሁለቱም መጨረሻ ጅቡቲ ነው። ሁለተኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳና በዲላ አድርጎ ሞያሌ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ኬንያ ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኢትዮጵያና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም በሞጆ በኩል ያልፋል።

ከተማይቱን በአገር ያስጠራት ግን ደረቅ ወደቧ ነው። ከጅቡቲ የተጫነ ኮንቴይነር እንደ ታሸገ ሞጆ ይመጣል፤ የጉምሩክ ሥርዓቱም በዚያው ይፈጸማል። እያንዳንዱ ኮንቴይነር ቁጥር አለው፤ ማኅተም አለው፤ ላኪውና ተቀባዩ በሰነድ ተጽፈው ይታወቃሉ። ማኅተሙ ተነክቶ ቢገኝ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ተገቢ ነው፤ የአገር ሀብት ነውና። ከደረቅ ወደቡ አጥር ውጭ በሚያልፈው መንገድ ግን፣ ማን እንደ ላካትና ማን እንደሚቀበላት በቅጡ የማታውቅ የ15 ዓመት ልጅ በአውቶቡስ ተሳፍራ ብታልፍ የሚጠይቃት ሰው መኖሩ ያጠራጥራል።

በመንገዱ መጨረሻ

የምሥራቁ መንገድ ከጅቡቲና ከሶማሊያ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ያደርሳል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ90 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የደቡቡ መንገድ በኬንያ፣ በታንዛንያና በማላዊ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል። በተለይ ከሀዲያና ከከምባታ የሚነሡ ወጣቶች በብዛት ይጓዙበታል።

መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ተፈተሸ። በተሸከመው ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኘ፤ በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ነበሩ። ተጓዦቹ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ እንደሚታመን፣ የሞቱትም በአየር እጥረት ሳይሆን እንዳልቀረ የአገሩ ባለሥልጣናት ገለጹ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ሉሳካ አቅራቢያ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፤ ፖሊስ እነርሱም ከኢትዮጵያ የወጡ እንደሚመስሉ አስታወቀ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ስለ ክርስትናቸው አንገታቸውን የሰጡት ወገኖቻችንም እንጀራ ፍለጋ የወጡ ስደተኞች ነበሩ።

እነዚህ ሁሉ ከየቤታቸው ሲነሡ በአንድ መናኸሪያ ተሳፍረዋል፤ በአንድ ምግብ ቤት በልተዋል፤ በአንድ አልጋ ቤት አድረዋል። ያያቸው ሰው አልጠፋም።

ሮቤል ሲመለስ

የያዕቆብን ልጅ ዮሴፍን ወንድሞቹ ወደ ጕድጓድ በጣሉት ጊዜ፣ ሮቤል በኋላ አውጥቶ ወደ አባቱ ሊመልሰው አስቦ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ግን ጕድጓዱ ባዶ ነበር። ዮሴፍ በ20 ብር ተሽጦ፣ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ግብጽ መንገድ ጀምሮ ነበርና። ሮቤል በጎ አሳብ አልጎደለውም፤ የጎደለው ጊዜ ነው።

ድንበር ላይ ብቻ የሚደረግ ጥበቃም እንዲሁ ነው። ጋላፊም ሞያሌም ከሞጆ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ተጓዡ እዚያ ሲደርስ የቤተሰቡ ጥሪት ለደላላ ተከፍሏል፤ ስልኩና መታወቂያው ምናልባት በሌላ ሰው እጅ ናቸው፤ ዕዳው ስለሚያስፈራውም መመለስን ከሞት አስበልጦ ይፈራዋል። ደላላው ደግሞ ኬላውን ዞሮ የሚያልፍበትን ዱካ ያውቃል። በሞጆ፣ በአዳማ ወይም በሻሸመኔ ያለ ተጓዥ ግን ገና በአገሩ ነው፤ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው በዙሪያው አለ፤ ወደ ቤቱም ለመመለስ የሚያስፈልገው የአንድ ወይም የሁለት ቀን መንገድ ነው። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ከመንግሥት ጋር ተባብሮ በሰመራ፣ በድሬዳዋና በመተማ ተጓዦች መረጃና ርዳታ የሚያገኙባቸውን ማእከላት ማቋቋሙ የሚመሰገን ነው። የእኛ አሳብ ይህን የመሰለው ሥራ ወደ መንገዱ መጀመሪያ፣ መንገዱ ወደሚለያይበት ስፍራ ቢቀርብ የበለጠ ነፍስ ያድናል የሚል ነው።

መጠየቅ ብቻውን አይበቃም

ዮሴፍ ወንድሞቹን ፍለጋ በሴኬም ምድረ በዳ ሲቅበዘበዝ አንድ ሰው አግኝቶት ነበር። ሰውየው ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው፤ ልጁም ወንድሞቹን እንደሚፈልግ ነገረው፤ ሰውየውም ወደ ዶታይን መሄዳቸውን ጠቆመው። ደግ ሰው ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቆ መንገድ አሳየውና ተለያዩ፤ ያሳየውም መንገድ ወደ ጕድጓዱ የሚወስደውን ሆነ። ሰውየው በልቡ ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያውቀውም ያን ያህል ብቻ ነበር። ለእኛ ግን ትምህርት ይሆነናል። ብቻውን የሚንከራተት ልጅ ሲገኝ ሁለተኛና ሦስተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ የኔፓል ሰዎች ልምድ ሊጠቀስ ይገባዋል። በኔፓልና በህንድ መካከል ያለው ድንበር ክፍት ስለ ሆነ የሁለቱ አገር ሰዎች ያለ ፓስፖርት ይተላለፋሉ። በዚያው ልክ ብዙ ልጃገረዶች ተታልለው ይወሰዱ ነበር። በ1985 ዓ.ም. አኑራዳ ኮይራላ የተባሉ መምህርት ማይቲ ኔፓል የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ «ማይቲ» ማለት ያገባች ሴት የወላጆቿ ቤት ማለት ነው። ድርጅቱ በመተላለፊያዎቹ ላይ ጠባቂ ሴቶችን አቆመ። ከእነርሱም መካከል ራሳቸው ተሸጠው የተመለሱ ይገኙባቸዋል። እነዚህ ሴቶች ከሰው ጋር የምትጓዝ ልጃገረድ ባዩ ጊዜ እርሷንና አጅቧት የሚሄደውን ሰው ለየብቻ ያነጋግራሉ። የሁለቱ መልስ ካልተስማማ ጉዳዩን አጥብቀው ይይዙታል።

በእኛም መናኸሪያዎች ይህን ማድረግ የሚችል ሰው አይታጣም። ትኬት ቆራጩ፣ የመኪናው ረዳት፣ ሻይ የምታፈላዋ እናት፣ የአልጋ ቤት ተቆጣጣሪው፣ የከባድ መኪና አሽከርካሪው፣ በከተማይቱ አብያተ ክርስቲያናት ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሁሉ ዐይን አላቸው። «ልጄ፣ ወዴት ነው የምትሄጂው? እዚያ ማን ይቀበልሻል? ስልኩን በቃልሽ ታውቂዋለሽ? እናትሽ መሄድሽን ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ትምህርት አይጠይቅም። የምትሄድበትን ከተማ ስም የማታውቅ፣ አብሯት ያለው ሰው ቀድሞ የሚመልስላት፣ «አጎቴ ነው» እያለች የአጎቷን ስም የምትስት፣ ስልኳን የተቀማች፣ ዕድሜዋ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው እጅግ የሚያንስ ልጅ ስትገኝ ነገሩን ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማድረስ ይገባል።

ማስቆምና ማሰር ይለያያሉ

ሆኖም በዚህ ሥራ ላይ አንድ ትልቅ አደጋ አለ። ጥበቃው ወደ እስራት ከተለወጠ ወገንን ይጎዳል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ ሁሉ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወርና በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 18 ደግሞ በሰው የመነገድን ተግባር ይከለክላል። ሁለቱ አንቀጾች አንዱ ሌላውን አያፈርስም። በሕጋዊ መንገድ ወጥታ ሠርታ ቤተሰቧን የምትረዳ ሴት ልትከበር ይገባታል። መሰደድም በራሱ ነውር አይደለም፤ ጌታችን በሕፃንነቱ ከእናቱ ከቅድስት ድንግል ማርያምና ከአረጋዊው ዮሴፍ ጋር ወደ ግብጽ ተሰዷልና።

መከልከል ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነም በተግባር ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመለሱ። በዚያው ዓመት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድ ታገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ሆኖም ሕጋዊው በር ሲዘጋ ሰዎች መሄዳቸውን አልተዉም፤ በረሃውንና ጀልባውን መረጡ እንጂ።

በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የሚነግደውን ከ7 እስከ 12 ዓመት፣ ወንጀሉ በሴቶችና በሕፃናት ላይ ሲፈጸም ደግሞ ከ10 እስከ 20 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ቅጣቱ የተዘጋጀው ለነጋዴው ነው። ተጓዧን እንደ ወንጀለኛ የሚያስደነግጥ ጠያቂ ግን ወደ ደላላው ጉያ መልሶ ይገፋታል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለብዝበዛ ሲወሰድም «ፈቅዶ ሄደ» ማለት ለነጋዴው መከላከያ አይሆንለትም። ዮሴፍ በተሸጠ ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ እንደ ነበረ እናስታውስ።

ከመንገድ የተመለሰችውም ማደሪያ፣ የሚያጽናናት ሰው፣ ከዚያም ሥራ ወይም ትምህርት ያስፈልጋታል። ይህ ካልተዘጋጀላት በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ መኪና ታልፋለች።

የመጀመሪያው በር

ዮሴፍን ለነጋዴዎች የሸጡት ባዕዳን አልነበሩም፤ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ይህ ነገር በየቤታችን ሊያስጨንቀን ይገባል። ደላላው ብዙ ጊዜ በሩን የሚያንኳኳው በዘመድ ወይም በጎረቤት እጅ ነው። በበዓል ማዕድ ላይ «የእገሌ ልጅ ለእናቷ ቤት ሠራችላት» ተብሎ ሲወራ፣ በጓዳ ያለችው ልጃችን ምን እንደምታስብ እንጠይቅ። በሬ ሸጦ፣ መሬት አስይዞ ለደላላ የሚከፍል አባት ልጁን እንደሚወድ አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ገንዘቡ የሚገዛው ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ ይገባዋል።

በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የተዘረጋው ሕጋዊ መንገድ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ፣ የጸደቀ የሥራ ውልና 18 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ይፈልጋል፤ የቪዛውንና የጉዞውንም ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ከዚህ የወጣ ጥሪ ሲመጣ የሥራና ክህሎት ቢሮን መጠየቅ ይቀድማል። እኛ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችም ድርሻ አለን። የክርስትና ምስክር ወረቀት የዕድሜ ማስረጃ ሆኖ ሲጠየቅ፣ ለለቅሶም ሆነ ለልመና ብለን አንዲት ዓመት መጨመር አይገባንም። የተጨመረችው ዓመት ልጅቱን በኬላ ላይ ከሚጠብቃት ሕግ ታወጣታለችና።

ለመሄድ የቆረጠ ልጅ ካለ ደግሞ ቍጣ አይመልሰውም። የሚሄድበትን፣ የሚቀበለውንና የጠሪውን ሰው ስም ጽፎ ይተው፤ በየደረሰበትም ይደውል። ሞጆ ወይም አዳማ ላይ ሐሳቡን ቢለውጥ ያለ ነቀፋ የሚከፈትለት በር እንዳለው ዛሬ በማዕድ ላይ ይነገረው። ብዙዎች የሚቀጥሉት መንገዱን ወድደውት ሳይሆን ባዶ እጅ መመለስን አፍረው ነውና።

በየመንገዱ ያሉትን ወገኖቻችንን በሰላም ይመልስልን። በዓሉን የሰላምና የበረከት ያድርግልን፤ አሜን።