ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት

በክረምት፣ ከኮልፌ አጠና ተራ እስከ ካራ ቆሬ ባሉ ግቢዎች ውሻ ወልዳ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላት፣ ለሰፈሩ የእንስሳት ሐኪም የሚደወለው ስልክ ይዘቱ ብዙም አይለያይም። «ዶክተር፣ ከስድስቱ ሁለቱ ሞቱ፤ ሦስተኛውም ጡት አልይዝ ብሏል። ብርድ ሳይመታው አይቀርም።» ዓይን ነው የሚልም አይጠፋም። ሐኪሙ የኮልፌን የሐምሌ ብርድ አይክድም፤ ግን መልሶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እስቲ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱን ይዩልኝ።»

የጤነኛ ቡችላ ድድ ሮዝ ነው፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት ነጣ ይልና በሁለት ሰከንድ ውስጥ መልኩ ይመለሳል። ደም ያነሰው ግን ሳይነኩትም ነጭ ነው። ብዙ የሀበሻ ውሾች ድዳቸው ጥቁር ስለሆነ፣ ዓይኑ የተከፈተ ከሆነ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ ውስጡን ማየት፣ ካልተከፈተም ምላሱን ማየት ይሻላል። ብርድ የመታውም ይገረጣል፤ እሱ ግን ሲሞቅ ይቀላል። ደም ያነሰው ቢሞቅም እንደነጣ ይቀራል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ የልቡ ምት ከጎድኑ ላይ ይታያል።

ሂሳቡ ያስደነግጣል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ቡችላ በሰውነቱ ያለው ደም ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ደግሞ እያንዳንዱ በቀን እስከ 0.1 ሚሊ ሊትር ደም ያስወጣል። መቶ ትል ቢኖር በቀን 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ካለው ደም ሩብ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። ትሉ የነከሰውን ቦታ እየለቀቀ ወደ ሌላ ስለሚዛወር የተወው ቁስልም መድማቱን አያቆምም። የቡችላው ሰገራ እንደ ሬንጅ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው።

ትሉ ከየት መጣ? ከእናትየው ጡት። አንድ ጊዜ የተያዘች ውሻ እጮቹን በሥጋዋ ውስጥ ደብቃ ትኖራለች፤ ስትወልድ ይነቁና በወተቷ አልፈው ለልጆቿ ይደርሳሉ፣ በሚቀጥለው ወሊድም እንዲሁ። እሷ ግን ወፍራምና ደህና ነች። ትሉ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በጅማ ውሾች ላይ የተሠሩ ጥናቶች አግኝተውታል። ብዙ ባለቤቶችን የሚያሳስተው የሰገራ ምርመራው ነው። ትሉ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ቡችላው ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈው በኋላ ስለሆነ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ነፃ ነው» የተባለ ቡችላ በአሥራ አራተኛው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ከማይክሮስኮፑ ይልቅ ድዱን ቢያምን አይፈረድበትም።

ሌላው ደም መጣጭ ቁንጫ ነው። ከጸጉሩ ሥር የሚራገፈውን ጥቁር ዱቄት በረጠበ ነጭ ሶፍት ላይ ቢጥሉት ቀይ ቡናማ ሆኖ ይፈሳል፤ ከራሱ ከቡችላው የተመጠጠ ደም ነው። እዚህ ላይ ፍሊት የሚረጭ አለ፣ ነጭ ጋዝ የሚቀባም አለ፤ ሁለቱም መርዝ ናቸው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ጥርሱ የጠበቀ ማበጠሪያ፣ ከዚያም ወዲያው ማድረቅ ይበቃል። የተኙበት ማዳበሪያ መወገድ አለበት፤ ቁንጫው የሚራባው እዚያ ነውና።

ከሁሉ የከፋው ለትል ተብሎ የሚሰጠው ነጭ ሽንኩርት ነው። ነጭም ቀይም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ቢበስልም ያው ነው። ቀይ ሽንኩርት በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ከደረሰ ጉዳቱ በደም ምርመራ ይታያል። ወጥ የነካ እንጀራ የሚበላ ቡችላ ያለው ሰው ይህን ያስብበት። ለበግ የተገዛ አልቤንዳዞልም ለቡችላ አይሆንም፤ መቅኔን እየጎዳ ደም እንዳይመረት ሊያደርግ ይችላል።

እና ምን ይደረግ? መጀመሪያ ማሞቅ፦ ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቡ ማስቀመጥ። የቀዘቀዘ ቡችላ ወተት አይፈጭም፤ በግድ ሲጋቱት ሳንባው ይገባል። ከሞቀ በኋላ ድዱን በጥቂት ስኳር ውሃ አርሶ ወደ ክሊኒክ መሮጥ ነው። የብረት ሽሮፕ ለነገ ይጠቅማል፣ ዛሬ የጎደለውን ደም ግን አይተካም። የሚተካው ደም ነው። ውሾች እንደ ሰው ከተፈጥሮ የሚመጣ ጠንካራ የደም ዓይነት ጠላትነት ስለሌላቸው የመጀመሪያው ልገሳ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ያልፋል። ለግማሽ ኪሎ ቡችላ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፤ ከጤነኛና ከተከተበ ትልቅ ውሻ ተቀድቶ፣ የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት ተጨምሮበት፣ በአንድ ሲሪንጅ ያልቃል። ደም ሥሩ ካልተገኘ በጭኑ አጥንት ውስጥ ይሰጣል።

የትል መድኃኒቱ፣ ለምሳሌ ፓይራንቴል፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየአሥራ አምስት ቀኑ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ይሰጣል፤ እናትየውም አብራ ትውሰድ። መጠኑ በክብደት ስለሆነ ቡችላው ይመዘን።

መንገድ ዳር ካርቶን ውስጥ የሚሸጥ ቡችላ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ስለ ዘሩ ከመጠየቃችሁ በፊት ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ነጭ ከሆነ፣ ከገዛችሁትም፣ ወደ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዱት።