«ጊቭ ኦር ቴክ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ አነጋገር

ከውጭ አገር ደንበኞች በሚመጡ ደብዳቤዎች ላይ፥ ከቁጥር ቀጥሎ «ጊቭ ኦር ቴክ» የሚል ሐረግ አንዳንድ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ቃል በቃል ሲተረጐም «ስጥ ወይም ውሰድ» ማለት ስለ ሆነ፥ ላላወቀው አንባቢ ትእዛዝ ሊመስለው ይችላል። ትርጓሜው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም «በጥቂት ቢበልጥ ወይም ቢያንስ» ማለት ነው። በአማርኛ «ያህል» ወይም «ገደማ» ከሚባለው ጋራ ይተካከላል።

አገባቡ ሁለት ዓይነት ነው። ልዩነቱ ተለይቶ ሲነገር፥ ለምሳሌ «100 ቶን፥ ጊቭ ኦር ቴክ 3» ቢባል፥ ከ97 እስከ 103 ቶን ማለት ነው። ሐረጉ ብቻውን ሲቆም ግን ወሰን የለውም፤ ጻፊው 2 ቶን ሲያስብ ተቀባዩ 10 ቶን ሊያስብ ይችላል። አነጋገሩም የጨዋታ እንጂ የውል ቋንቋ አይደለም።

ጉዳዩ ይልቁን የሚከብደው በኤል ሲ ለሚነግዱ ሰዎች ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጁላይ 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የኤል ሲ ደንብ ቁጥር 600፥ በአንቀጽ 30 «አባውት» እና «አፕሮክሲሜትሊ» ለሚሉት ሁለት ቃላት እስከ 10 በመቶ መብለጥን ወይም ማነስን ፈቅዷል። «ጊቭ ኦር ቴክ» ግን በዚያ አልተጠቀሰም። እንግዲህ ኤል ሲው «አባውት 100 ቶን ሰሊጥ» ቢል፥ ላኪው ከ90 እስከ 110 ቶን ሊጭን ይችላል። ሆኖም ቃሉ የሚሠራው ለተጻፈበት ቁጥር ብቻ ነው፤ በገንዘቡ ልክ ላይ ካልተጻፈ፥ 110 ቶን ለጫነው ላኪ ባንኩ ከኤል ሲው ገንዘብ በላይ የመክፈል ግዴታ የለበትም።

ቃሉ ባይጻፍም እንኳ፥ የሚጠየቀው ገንዘብ ከኤል ሲው ልክ እስካላለፈ ድረስ፥ በክብደት ለታዘዘ ዕቃ 5 በመቶ ከፍና ዝቅ ማለት ተፈቅዷል። በጆንያ ወይም በካርቶን ቁጥር ለታዘዘ ዕቃ ግን ይህ ፈቃድ የለም። «2000 ጆንያ» ከተባለ፥ 1 ጆንያ ቢጐድል ባንኩ ሰነዱን ላለመቀበል ምክንያት ያገኛል።

ስለዚህ ነጋዴ ይህን ሐረግ በደብዳቤ ላይ ባገኘ ጊዜ፥ ኤል ሲው ከመከፈቱ በፊት ልዩነቱ ስንት በመቶ እንደ ሆነ ጠይቆ፥ ለብዛቱም ለገንዘቡም በቁጥር ማስጻፍ ይገባዋል። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚነሣ ክርክር የመጋዘን ኪራይንና የባንክ ወለድን ያስከትላል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ግን የአንድ ደብዳቤ ድካም ብቻ ነው።