ተሳፋሪው ዓይኑን የት ያሳርፍ?

ቴሌቪዥን ይዘጋል፤ ጋዜጣ ይታጠፋል። ባቡር ውስጥ ወይም አውቶብስ መጠበቂያ ላይ የተሰቀለ ማስታወቂያ ግን ከተሳፋሪው ፊት አይነሳም። ነጋዴው ለዚህ ቦታ ጥሩ ገንዘብ የሚከፍለውም ያው ሰው በየቀኑ በዚያው መስመር ሲመላለስ ያንኑ ሥዕል ደጋግሞ ስለሚያይ ነው። ከሚያዩት መካከል ደግሞ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች አሉ።

የለንደን ከተማ ይህን ቁም ነገር ብሎ ያዘው። ከየካቲት 18 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2019) ጀምሮ ስብ፣ ጨውና ስኳር የበዛባቸው ምግቦችና መጠጦች በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡርና አውቶብሶች እንዲሁም በጣቢያዎቻቸው ላይ እንዳይተዋወቁ ተከለከለ። ከንቲባው ሳዲቅ ካን ምክንያታቸውን ሲያስረዱ ያነሱት፣ ከለንደን የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ መሆኑን ነው።

ይህ ፓርላማ ያወጣው ሕግ አልነበረም። ማስታወቂያ የሚለጠፍበትን ቦታ የሚያከራየው የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ ቤት አከራይ ለማን እንደሚያከራይ እንደሚመርጥ ሁሉ እሱም መረጠ። ነጋዴው ምርቱን ከመሸጥ አልታገደም፣ በሌላ ቦታ ከማስተዋወቅም አልታገደም። የሕዝብ ንብረት የሆነውን ግድግዳ ብቻ ተነፈገ። ስለዚህ ነገሩን የንግድ ነፃነት ጥሰት አድርጎ ማቅረብ ለእኔ አሳማኝ አይደለም።

ከባዱ ጥያቄ ጎጂው የትኛው ነው የሚለው ነው። ለንደን የተጠቀመችው የእንግሊዝ መንግሥት ቀድሞ ያዘጋጀውን የነጥብ አሰጣጥ ነው። አንድ ምግብ ለካሎሪው፣ ለስኳሩ፣ ለጨውና ሳቹሬትድ ለሚባለው ስብ ነጥብ ይቆጠርበታል፤ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ፋይበርና ፕሮቲን ካለው ይቀነስለታል። ውጤቱ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምግቡ አይተዋወቅም፤ ለመጠጥ 1 ነጥብ ይበቃል። ስሌቱ ግን አስቸጋሪ ውጤትም አምጥቷል። ፋርምድሮፕ የተባለ የገበሬ ምርት ሻጭ ቅቤ፣ ቤከንና ማርማላታ የሚታይበት ማስታወቂያ አቅርቦ ተመልሶበታል። ብዙዎች በዚህ ተሳለቁ። እኔ ግን በነጥብ የሚሠራ ደንብ አንዳንዴ ቢሳሳትም፣ በባለሥልጣን ስሜት ከሚወሰን ይሻላል እላለሁ። ቢያንስ ነጋዴው መስመሩ የት እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል፤ ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅበት በርም ተትቶለታል።

ደንቡ ሌላ ብልሃት ነበረው። የምግብ ኩባንያ አርማውን ብቻ አሳይቶ ማለፍ አይችልም፤ ከነጥብ ገደቡ በታች የሆነ ምርቱን ማሳየት አለበት። ስለዚህ ድርጅቶቹ ከባቡሩ አልሸሹም፣ የሚያሳዩትን ለወጡ። መሥሪያ ቤቱ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ያጣል ተብሎ ተፈርቶ ሳለ፣ በመጀመሪያው ዓመት የማስታወቂያ ገቢው በ2.3 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ውጤቱስ? የለንደን የንጽህናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች የለንደን ቤተሰቦችን የምግብ ግዢ ከሰሜን እንግሊዝ ቤተሰቦች ጋር አነጻጽረው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን አሳተሙ። አንድ የለንደን ቤተሰብ ከእነዚህ ምግቦች በሳምንት የገዛው፣ እገዳው ባይኖር ይገዛ ነበር ተብሎ ከተገመተው በ1,001 ካሎሪ፣ ማለትም በ6.7 በመቶ ያነሰ ነበር። ቸኮሌትና ከረሜላ ላይ ልዩነቱ 19.4 በመቶ ደረሰ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ግዢ እንጂ ስለ ልጆቹ ክብደት አይደለም። ቢሆንም ግድግዳ ላይ ያለን ሥዕል በመቀየር ብቻ ለመጣ ለውጥ ትንሽ አይደለም።

በአልኮል ረገድ ከተሞች በተለያየ አቅጣጫ ሄደዋል። የኒውዮርክ ትራንስፖርት ባለሥልጣን ከእ.ኤ.አ. 2018 መግቢያ ጀምሮ የአልኮል ማስታወቂያን ከባቡርና ከአውቶብሱ አወጣ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2019 በሕግ ከለከለች። ብዙ የሀገራችን ሰዎች የሚኖሩባት ዋሽንግተን ግን ለረዥም ጊዜ የቆየውን እገዳ እ.ኤ.አ. በ2015 አንስታለች፤ ምክንያቱም ገቢ ነው። የከተማዋ ተማሪዎች በዚያው ባቡርና አውቶብስ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ከእነሱ ውስጥ የእኛም ልጆች አሉ። ውሳኔው የትራንስፖርት ድርጅቱ ቦርድ ውሳኔ ነውና ቦርዱ ሊቀይረው ይችላል፤ ወላጆች ድምፃቸውን ማሰማት የሚገባቸውም እዚያው ነው።

በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። የለስላሳና የጣፋጭ ነገር ጉዳይ ግን ሌላ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። አውቶብስ ወይም ባቡር የሚያስተዳድር የሕዝብ ድርጅት የማስታወቂያ ቦታውን ሲያከራይ፣ በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ቢጨምር ይበቃዋል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ማስተካከል ካሳ ሊያስከፍል ይችላል፤ ስለዚህ ይህን የሚያነቡ የድርጅት ኃላፊዎች አንቀጹን ከፊርማው በፊት ያስገቡት።