በየክረምቱ የሚፈርመው ተጫዋች

አንድ ተጫዋች በ3 ዓመት 3 መለያ ከለበሰ ተመልካቹ «ይሄ ልጅ አይረጋም» ይላል። ፍርዱ የቸኮለ ነው። የሚፈልገው ያጣ ተጫዋች እቤቱ ይቀመጣል እንጂ ክለብ አይቀያይርም። ሐምሌና ነሐሴ በመጣ ቁጥር ፊርማ የሚጠየቅ ሰው ሥራ ያለው ሰው ነው። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚውለውን ነጋዴ «ገበያ አጣ» የሚለው የከሚሴ ሰው የለም።

በአሜሪካ ቤዝቦል ይህ ኑሮ የተለመደ ነው። ካናዳዊው ማት ስቴርስ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ከ10 በላይ ክለቦችን መለያ ለብሷል። ብዙውን ጊዜ የተሰለፈው ከሜዳው ጥግ ቆሞ ርቃ የምትመጣዋን ኳስ በሚቀልበው መስመር ነበር። ዕድሜው ሲገፋ እግሩ ለሩጫ ሰነፈ፤ ክንዱ ግን አልሰነፈም። ስለዚህ ጨዋታው ሲከር በተቀያሪነት ይገባል፣ በዱላው አንድ ጊዜ ይመታል፣ ይወጣል። በዚህ ሚናው 23 ጊዜ ኳሷን ከአጥር አሻግሮ ክብረ ወሰን ያዘ፤ በ2008 ከፊላደልፊያ ጋር ዋንጫ በላ። እዚያ አገር ክለቦች ተጫዋች ከተጫዋች ስለሚለዋወጡ አንዳንዱ መዛወሩን የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

በእኛ አገር ለዚህ ቅርብ የሆነው ሳላዲን ሰዒድ ነው። ከሙገር ሲሚንቶ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ ተሻገረ። ከዚያ የቤልጂየሙን ሊርስ መለያ ለበሰ። ከካይሮ ቤልጂየም እንዴት? የሁለቱም ክለቦች ባለቤት ግብፃዊው ማጂድ ሳሚ ስለነበር። ተጫዋቹ አገር ቀየረ እንጂ ጌታው ያው ነበር። በ2014 አል አህሊ፣ በ2015 የአልጄሪያው ሙሉዲያ፣ ከዚያ ተመልሶ ጊዮርጊስ፣ በኋላም ሲዳማ ቡና።

ክለቡ ሲቀያየር ያልተቀየረው የዋሊያዎቹ ማሊያ ነው። ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 ካሸነፈችን በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን አንድ አንድ አገቡ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩ ግቦች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። በጥር ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ በዛምቢያው ጨዋታ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ዳነበት፤ ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ያቺን ኳስ እስከ ዛሬ ይቅር ያላላት ሰው በየሻይ ቤቱ አይጠፋም። እኔ ግን ሒሳቡን ከሱዳኗ ግብ ነው የምጀምረው።

አገር ውስጥ የሚዘዋወረው ተጫዋች ኑሮ የዚህን ያህል አይወራለትም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ተወሰነ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በኮሮና ምክንያት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወረ ሲካሄድ፣ ክለብ ያልቀየረውም ሻንጣውን ይዞ ከሆቴል ሆቴል ዞረ። በወሎ መስመርም ወልዲያ ከተማ በ2009 ዓ.ም. በሼህ አላሙዲ ስም የተሰየመውን ስታዲየም አስመርቆ በፕሪሚየር ሊጉ ተጫወተ፤ በቀጣዩ ዓመት ወረደ። ክለብ ሲወርድ ደጋፊው እዚያው ይቀራል፤ ውል ያለቀበት ተጫዋች ግን በዚያው ክረምት ሌላ ከተማ መፈለግ አለበት።

ይህን ሥራ የሚያከብደው ጉዞው ብቻ አይደለም። በየዓመቱ አዲስ አሠልጣኝ ፊት ከዜሮ መጀመር፣ ቤት መከራየት፣ ከተጎዱ ደግሞ ያለ ውል መቅረት አለ። ከከሚሴ፣ ከባቲ ወይም ከሰንበቴ ሜዳ ተነሥቶ ለመፈረም የተጠራ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ከእሱ ጋር ተቀምጣችሁ ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡ። ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ሲጎዳ ማን እንደሚያሳክመው፣ መልቀቂያ ሲጠይቅም በምን ሁኔታ እንደሚሰጠው ከፊርማው በፊት ጠይቁ።